ከደማቸው ነው የተባለው ሞት

በነሐሴ 1793 ፊላዴልፊያ ላይ ሰው እንደ ቅጠል መርገፍ ጀመረ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከተማዋ ያን ጊዜ የአዲሲቱ አሜሪካ መናገሻ ነበረች፤ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባት ነበር። በሽታው ከደላዌር ወንዝ ዳር ተነሥቶ በየሰፈሩ ገባ። የያዘው ሰው ትኩሳት ያንገበግበዋል፣ ዐይኑና ገላው ቢጫ ይሆናል፣ ጥቁር ያስታውከዋል፤ ብዙ ጊዜም ሳምንት ሳይቆይ ይሞታል። ቢጫ ወባ ነበር። አቅም ያለው ሁሉ ወደ ገጠር ሸሸ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንም ከተማዋን ለቅቆ ወጣ። ዘመድ ዘመዱን አልጋ ላይ ጥሎ የሄደበት ጊዜ ነው።

ከቀሩት ሐኪሞች ስመ ጥሩ ቤንጃሚን ረሽ ነው፤ በነጻነት አዋጁ ላይ ፊርማቸውን ካኖሩት አንዱ። ረሽ በደቡብ ካሮላይና ስለ ነበረ ወረርሽኝ የተጻፈ አንድ የቆየ ጽሑፍ አንብቦ ቢጫ ወባ ጥቁሮችን አይዝም የሚል እምነት አደረበት። ስለዚህ የነጻ አፍሪካውያን ማኅበርን ለመሠረቱት ለአብሳሎም ጆንስና ለሪቻርድ አለን ጥሪ አቀረበላቸው። እናንተን በሽታው ስለማይነካችሁ ወጥታችሁ ሕዝቡን አስታምሙ የሚል ነበር። ሁለቱም በባርነት ተወልደው ነጻ የወጡ ሰዎች ናቸው። እሺ አሉ። ጥቁር ሴቶችና ወንዶች ወገን ጥሏቸው የሸሹትን ሕሙማን ቤት ለቤት እየዞሩ አስታመሙ፤ ውሃ አጠጡ፤ የሞተውንም ተሸክመው ቀበሩ።

ብዙም ሳይቆይ እነሱም መሞት ጀመሩ። በ1792 በከተማዋ የተቀበሩት ጥቁሮች 67 ነበሩ፤ በ1793 ቁጥራቸው 305 ደረሰ። ይህን ቁጥር ያቆዩልን ራሳቸው ጆንስና አለን ናቸው። ወረርሽኙ ጋብ ሲል ማቲው ኬሪ የሚባል አሳታሚ፣ ከጥቁር አስታማሚዎች አንዳንዶቹ የሕሙማንን ጭንቀት ተጠቅመው ገንዘብ በዝብዘዋል፣ ሰርቀዋልም ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ሰዎች በ1794 መጀመሪያ ላይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው መልስ ሰጡ። የተቀበሉትንና ያወጡትን ገንዘብ፣ ያስታመሙትን ሰው፣ ከወገናቸው የሞተውን ሁሉ ዘርዝረው አስቀመጡ። ረሽ የነገራቸው ነገር ስሕተት እንደ ነበረ ለማሳየት ከመቃብር መዝገብ የተሻለ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። በዚያ ወረርሽኝ ከከተማዋ ሕዝብ ወደ 5 ሺህ የሚጠጋው አልቋል። ቢጫ ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታመላልሰው ትንኝ መሆኗ በሙከራ የተረጋገጠው በ1900 ነው።

ስለ ሕዝብ ጤናና ስለ ማኅበራዊ ልዩነት የተደረገ ጥናት ታሪክ ሲነሣ ይህች መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አትጠቀስም። ለእኔ ግን ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ናት። የአንድ ሕዝብ ሕመምና ሞት ከደሙ ነው የሚመጣው ላለ ሊቅ፣ ያንኑ ሕዝብ በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ቆጥረው መልስ ሰጥተውባታልና። ከዚያ ወዲህ ባለው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሆነ ዘመን ውስጥ ያው ክርክር እየተመላለሰ መጥቷል፤ መልሱም እንዲሁ።

ግማሽ ምዕት ዓመት ሳይሞላ ክርክሩ ተገልብጦ መጣ። በ1840 የተካሄደው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ የአእምሮ ሕሙማንን ለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጠረ። በውጤቱ መሠረት ባርነት በሌለባቸው የሰሜን ግዛቶች ከ162 ጥቁሮች አንዱ የአእምሮ ሕመምተኛ ሲሆን፣ ባርነት ባለበት በደቡብ ግን ከ1,558 አንዱ ብቻ ነበር። የባርነት ጠበቆች ከዚህ የበለጠ ስጦታ አላገኙም። ነጻነት ለጥቁር ሰው አይስማማውም፣ አእምሮውን ያናጋዋል አሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ጆን ካልሁን በ1844 ለእንግሊዝ መልእክተኛ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይህንኑ ቁጥር ለባርነት ጥብቅና አዋለው።

ኤድዋርድ ጃርቪስ የሚባል የማሳቹሴትስ ሐኪም ቁጥሩን በመጀመሪያ አምኖ ተቀብሎት ነበር። በኋላ ግን መዝገቡን ከተማ በከተማ እያገላበጠ መረመረ። አንድም ጥቁር ነዋሪ በሌለባቸው ከተሞች ጥቁር የአእምሮ ሕሙማን ተመዝግበው አገኘ። በዉስተር ከተማ 133 ጥቁር ሕሙማን አሉ ተብሎ ተጽፏል፤ እነዚህ ሰዎች ግን በግዛቲቱ ሆስፒታል የተኙ ነጮች ነበሩ። በኒው ዮርክ ደግሞ ጄምስ ማኩን ስሚዝ ተነሣ። የአሜሪካ ኮሌጆች በቀለሙ ምክንያት ስላልተቀበሉት ስኮትላንድ ሄዶ በ1837 ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው ባለ ዲግሪ ሐኪም ነው። እሱም በጋዜጣ ላይ ቁጥሩን ነጥብ በነጥብ አፈረሰው። የአሜሪካ ምክር ቤት ቆጠራውን እንዲያርም አቤቱታ ቀረበለት። ቆጠራው ሳይታረም ቀረ።

ባርነት በ1865 ከተሻረ በኋላ ነገሩ ወደ ንግድ ቤት ተሻገረ። ፕሩደንሺያል የሚባለው ትልቅ የሕይወት መድን ኩባንያ በ1881 ለጥቁር ደንበኞቹ የሚከፍለውን ካሳ በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ። መዋጮው ግን እንደ ነጮቹ ነው። ጥቁሮች ቶሎ ይሞታሉ የሚል ምክንያት ሰጠ። አንዳንድ ግዛቶች ይህን በሕግ ሲከለክሉ ኩባንያው ጥቁር ደንበኛ መፈለጉን ተወ፤ ውሳኔውን የሚደግፍለት ሳይንስም አስፈለገው። ፍሬድሪክ ሆፍማን የተባለው ጀርመን ተወላጅ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ይህን ሥራ ሠራለት። በነሐሴ 1896 የአሜሪካ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ማኅበር ከ300 ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፉን አሳተመ። ሆፍማን በሰንጠረዥ ላይ ሰንጠረዥ ደርድሮ ያመጣው መደምደሚያ አጭር ነው፤ ጥቁሮች በሳንባ ነቀርሳና በሌላም በሽታ በብዛት የሚሞቱት በዘራቸው ጠባይ ነው፣ ትምህርትም ሆነ ንጽሕና አያድናቸውም፣ ሕዝቡ ወደ መጥፋት እየሄደ ነው የሚል።

ይህ መጽሐፍ ሲወጣ ዐድዋ ላይ የጣሊያን ጦር ከተሸነፈ ገና አምስት ወሩ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭን በባቡር ፉርጎ መለየት ሕጋዊ ነው ብሎ ከፈረደ ሦስት ወር አልሞላም። በዚያው በነሐሴ 1896 አንድ የ28 ዓመት ወጣት አዲስ ሙሽራውን ይዞ ፊላዴልፊያ ገባ። ዊልያም ኤድዋርድ በርግሃርት ዱቦይስ ይባላል።

ዱቦይስ በማሳቹሴትስ በምትገኝ በግሬት ባሪንግተን ከተማ በ1868 ተወለደ። ፊስክና ሃርቫርድ ተምሯል፤ በርሊን ሁለት ዓመት ተቀምጦ ከነጉስታቭ ሽሞለር ዘንድ፣ ስለ ሕዝብ ከመፍረድ በፊት ማስረጃ መሰብሰብ እንደሚቀድም ተምሯል። በ1895 ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። በነጭ ዩኒቨርሲቲ ግን መምህር አድርጎ የሚቀጥረው አልነበረም። ኦሃዮ ውስጥ ዊልበርፎርስ በሚባል የጥቁሮች ኮሌጅ ሲያስተምር ከኒና ጎመር ጋር ተጋባ። ከዚያ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥሪ መጣለት።

ጥሪው ከቅን ልብ ብቻ የመጣ አይደለም። የከተማዋ ባለጸጎችና የለውጥ አራማጆች አስተዳደሩ የተበላሸው ጥቁሮች ድምፃቸውን ስለሚሸጡና ወንጀል ስለሚያበዙ ነው የሚል ግምት ነበራቸው፤ ዱቦይስ በኋላ እንደ ጻፈው ያንን ግምት በሳይንስ ማኅተም እንዲያጸናላቸው ነበር የፈለጉት። ለድሆች ሰፈር የምትሠራው የበጎ አድራጎት ሴት ሱዛን ዋርተን ሐሳቡን አመጣች፤ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለ። ማዕርጉ የሶሲዮሎጂ ረዳት የሚል ነበር። የዓመት ደመወዙ 900 ዶላር ሆነ። ከተማሪዎች ጋር አልተገናኘም፤ ስሙም በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ እንዳልሰፈረ ቅር እያለው ጽፏል።

ባልና ሚስቱ በሰባተኛው ቀበሌ፣ በድሆቹ መሀል፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ መኖር ጀመሩ። ሰባተኛው ቀበሌ ከሰባተኛው መንገድ እስከ ስኩልኪል ወንዝ የሚዘልቅ፣ ከስፕሩስ ጎዳና እስከ ሳውዝ ጎዳና የሚሰፋ ቀጭን ሰፈር ነው። ሪቻርድ አለን የመሠረታት ቤተል ቤተ ክርስቲያን ከምሥራቁ ጫፍ አጠገብ ናት። የፊላዴልፊያ ጥቁሮች ያን ጊዜ 40 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ከነሱ ውስጥ 9,675ቱ በዚህ ቀበሌ ይኖራሉ። ዱቦይስ ሁሉንም ሊቆጥር ቆረጠ።

ሥራውን ለሌላ ሰው አላከፋፈለም። መጠይቆቹን ራሱ አዘጋጀ፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ግለሰቡ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ስለ ቤት ሠራተኞቹም ለየብቻ። ከዚያ በየደጃፉ ቆሞ አንኳኳ። ወደ 2,500 የሚሆኑ ቤተሰቦችን በየቤታቸው እየገባ ጠየቀ። ከወዴት መጣችሁ? ምን ትሠራላችሁ? ስንት ታገኛላችሁ? ለኪራይ ስንት ትከፍላላችሁ? ስንት ወለዳችሁ፣ ስንቱ አደገ? አንዳንዱ ቤት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያሰናብተዋል፤ አንዳንዱ አስቀምጦ ረጅም ሰዓት ያጫውተዋል። ጥርጣሬም ነበር። የሰፈሩ ሰው እንደ ብርቅ ፍጡር መመርመር ሰልችቶት ነበርና ይህን ሱፍ ለባሽ ወጣት በደስታ ያልተቀበለው ብዙ ነው። እሱም ስለ ገዛ ወገኑ የማያውቀው ነገር ብዙ እንደ ነበረ አልሸሸገም። ቻርልስ ቡዝ ለንደንን እንዳጠና የሰማ ሰው ስለ ነበረ፣ እሱም በካርታ ላይ እያንዳንዱን ቤት እንደ ነዋሪው የኑሮ ደረጃ በቀለም ለየው።

የተገኘው ነገር ከተማዋ የጠበቀችው አልነበረም። አንድ ጥቁር ሕዝብ የሚባል ወጥ ነገር የለም፤ ባለጸጋ አለ፣ ሠርቶ አዳሪ አለ፣ ድኻ አለ፣ ከሕግ ውጭ የሚኖርም አለ። በቀበሌው ከሚኖሩት በፊላዴልፊያ የተወለዱት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላዩ ከደቡብ፣ በተለይ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የመጣ ስደተኛ ነው። ወጣት ሆኖ ይመጣል። የእጅ ባለሙያ ቢሆን እንኳ የሠራተኛ ማኅበራቱ አያስገቡትም፤ ፋብሪካው አይቀጥረውም። ስለዚህ ወንዱ አስተናጋጅና ተሸካሚ፣ ሴቷ የሰው ቤት ሠራተኛና ልብስ አጣቢ ይሆናሉ። ኢዛቤል ኢተን የተባለች ወጣት ተመራማሪ የቤት ሠራተኞቹን ጉዳይ ለብቻው አጥንታ ጽሑፏ ከመጽሐፉ ጋር ታትሟል።

ስለ ቤተሰብ የጻፈው ምዕራፍ ዛሬም ቢነበብ አያረጅም። ሴቶቹ ከወንዶቹ በቁጥር ይበልጣሉ፤ ምክንያቱም ከተማዋ የምትፈልገው የሴት አገልጋይ ነው። በአሠሪ ቤት የምታድር ሴት ትዳር መያዝ ይቸግራታል። ወንዱ በሚያገኘው ደመወዝ ቤተሰብ ማስተዳደር ስለማይችል ጋብቻ ይዘገያል። ያገባውም ኪራዩ ስለሚከብደው ደባል ያስገባል፤ እናት ውጭ ስትሠራ ልጆቹ ከማያውቁት ሰው ጋር ይውላሉ። ከተማዋ ጥቁሮች ቤተሰብ ማቆም አይችሉም ስትል ዱቦይስ ቤተሰቡን የሚያፈርሰውን ኪራይና ደመወዝ በዶላርና በሳንቲም ቆጥሮ አሳየ።

ጤናውንም በዚሁ መንገድ ነው ያየው። በቀበሌው ካሉት 2,441 ቤተሰቦች መታጠቢያና የውሃ መጸዳጃ ማግኘት የሚችሉት 334 ብቻ ነበሩ። ገዳዮቹ ሳንባ ነቀርሳ፣ የሳንባ ምችና የሕፃናት ሕመም ናቸው። ግን የሞት መጠኑ በሁሉም ሰፈር አንድ ዓይነት አይደለም። በጣም የተጎሳቆለው ሰፈር ባለበት በአምስተኛው ቀበሌ ከሺህ ጥቁሮች 48 ያህሉ በዓመት ሲሞቱ፣ ጥሩ ቤትና ንጹሕ መንገድ ባለበት በሠላሳኛው ቀበሌ 22 ያህል ብቻ ነበሩ። በዘመን ሲታይም የከተማዋ ጥቁሮች ሞት ቀንሷል፤ በ1820ዎቹ ከሺህ 47.6 የነበረው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወደ 28 ወርዷል። ዘሩ ያው ነው። የተለወጠው መኖሪያው ነው። ከሁሉ የከበደው ችግር ግን፣ ይላል ዱቦይስ በመጽሐፉ፣ አገሪቱ ለእነዚህ ሰዎች ስቃይ ያላት ደንታ ቢስነት ነው።

በጥር 1897 ቆጠራው ሳያልቅ የሆፍማንን መጽሐፍ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ገመገመ። በሆፍማን የትውልድ አገር በጀርመን፣ እንደ ሙኒክ ባለ ከተማ፣ የሞት መጠኑ ለብዙ ዓመታት ከአሜሪካ ጥቁሮች የሚበልጥ እንደ ነበረ አስታወሰው። ስለዚህ ግን ጀርመኖች በዘራቸው ምክንያት ሊጠፉ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ዱቦይስም ከዘመኑ አመለካከት ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ድሆቹን ስለ ምግባራቸው፣ ስለ ንጽሕናቸው፣ ስለ ትዳራቸው የሚወቅስባቸው ገጾች ለዛሬ አንባቢ ይከብዳሉ። በቀለም ከለያቸው የኑሮ ደረጃዎች የመጨረሻውን የብልሹዎችና የወንጀለኞች ብሎታል፤ በዚያ ቀለም የተቀቡ ቤቶች ውስጥ ግን ሕፃናትም ነበሩ። ይህ ጉድለት ሊደበቅ አይገባውም። ቢሆንም ሥራው የቆመበት መሠረት አይናወጥም።

መጽሐፉ በ1899 ታተመ። ያ ዓመት ለዱቦይስ የመከራ ዓመት ነበር። ቀደም ብሎ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ገብቶ ነበር። በሚያዝያ ወር ሳም ሆዝ የሚባል ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ ከአትላንታ ብዙም በማይርቅ ቦታ በደቦ ፍርድ በሕዝብ ፊት ተቃጥሎ ተገደለ። ዱቦይስ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ወደ ጋዜጣ ቢሮ ሲሄድ፣ የሟቹ የጣት አጥንቶች እዚያው መንገድ ላይ በአንድ ሱቅ ተሰቅለው እንደሚታዩ ሰማ። ከመንገዱ ተመለሰ። ሰው እንዲህ እየተገደለ ረጋ ብሎ ሳይንስ ብቻ መሥራት እንደማይቻል የገባኝ ያን ጊዜ ነው ብሎ በኋላ ጽፏል። አንድ ወር ሳይሞላ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው የበኩር ልጁ በርግሃርት ዘጊ አናዳ ያዘው። አትላንታ ውስጥ ጥቁር ሕፃን የሚያክም ነጭ ሐኪም ማግኘት አልቻለም። ልጁ ሞተ። ስለ ሕፃናት ሞት በሰንጠረዥ የጻፈው ሰው መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ልጁን ቀበረ።

ሥራውን ግን አላቆመም። በ1900 ለፓሪስ ዓውደ ርእይ ከተማሪዎቹ ጋር 60 ያህል በእጅ የተሣሉና ቀለም የተቀቡ ሰንጠረዦች ልኮ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በ1906 አትላንታ ላይ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ጤናና አካል ጉባኤ ጠርቶ ጥራዝ አሳተመ። ሳንባ ነቀርሳ የዘር ሳይሆን የኑሮ በሽታ እንደሆነ፣ ሕዝቡ በሀብት ደረጃ ቢለይ የዘር ልዩነት የሚባለው አብዛኛው እንደሚጠፋ አስረዳ። ዛሬ የጤና ማኅበራዊ መንስኤዎች የሚባለው ትምህርት በዚያ ጥራዝ ውስጥ ተዘርግቶ ይገኛል።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ወደ አላባማ፣ ላውንድስ ወደምትባል የጥጥ አውራጃ ሄደ። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ቢሮ ገንዘብ ሰጥቶት ነበር። ከረዳቶቹ ጋር ከ6 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ጠየቁ። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ገበሬው ለባለ መሬት ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ፍርድ ቤቱ ለማን እንደሚፈርድ፣ ቤተሰቡ እንዴት እንደሚኖር ከመዝገብና ከሰው አፍ ሰበሰቡ። እዚያው ሳለ በመስከረም አትላንታ ላይ ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሥተው ቢያንስ 25 ሰው ገደሉ። ዱቦይስ በባቡር ወደ ቤተሰቡ ገስግሶ ተመለሰና ጠመንጃ ይዞ ደጁን ጠበቀ።

የላውንድስን ጥናት ጨርሶ አስረከበ። ቢሮው ፖለቲካ ነክ ነገር አለበት ብሎ አላሳትምም አለ። ዱቦይስ ረቂቁን መልሱልኝ ሲል ተቃጥሏል፣ ተወግዷል የሚል መልስ አገኘ። ከሥራዎቹ ሁሉ የተሻለው ይህ እንደ ነበረ ያምን ነበር። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚያንገበግብ ነገር የለም። ስድስት ሺህ ቤተሰብ ደጁን ከፍቶ የተናገረው ቃል፣ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። በ1910 ዱቦይስ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የጥቁሮች መብት ማኅበር ሄዶ የመጽሔት አዘጋጅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ራሱ ተነሣ። ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ፈለሱ። የፊላዴልፊያ ጥቁር ነዋሪ በ1910 ከነበረው 84 ሺህ በ1920 ወደ 134 ሺህ ከፍ አለ። የተሻለ ደመወዝና ትምህርት ቤት፣ የደቦ ፍርድ የሌለበት አገር ፍለጋ ነው። ደመወዙ በእርግጥ ተሻለ። ስለ ጤናው ግን በ2015 የታተመ የአራት ተመራማሪዎች ሥራ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። የተወለደበት መንደር ለባቡር ሐዲድ የቀረበ ሰው ለመፍለስ ይቀናዋል፤ ይህን ይዘው የፈለሱትን ካልፈለሱት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ፍልሰቱ የፈላሾቹን ዕድሜ አሳጥሮ ተገኘ። ሲጋራና አልኮል አንዱ ምክንያት ሳይሆኑ አልቀሩም ይላሉ። ለተሻለ እንጀራ የሄደ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ሁልጊዜ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ አይታይም። ይህን በዓረብ አገርም ሆነ በአሜሪካ ወገን ያለው አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ይመስለኛል።

በ1965 የሠራተኛ ጉዳይ ረዳት ሚኒስትሩ ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ባዘጋጀው ሰነድ የጥቁሮች ድህነት ዋና መነሻ የቤተሰባቸው መፍረስ ነው የሚል ክርክር አመጣ። ዱቦይስ በ95 ዓመቱ አክራ ላይ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነበር። ኪራዩና ደመወዙ ቤተሰቡን እንዴት እንደሚያፈርሱ ከተቆጠረ ሰባ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ክርክሩ ግን እንደ አዲስ ተጀመረ። በ1985 ደግሞ የጤና ሚኒስትሯ ማርጋሬት ሄክለር ያወጡት ሪፖርት በጥቁሮችና በሌሎች አናሳ ሕዝቦች ላይ በየዓመቱ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ትርፍ ሞት እንዳለ ገለጸ። መንግሥት ራሱ ቆጥሮ ያመነበት ጊዜ ነው።

ከደም ነው የሚለው ክርክር ግን ልብሱን ቀይሮ በዘረ መል ስም ቀጠለ። በ1997 ሪቻርድ ዴቪድና ጄምስ ኮሊንስ የተባሉ ሁለት የቺካጎ የሕፃናት ሐኪሞች ቀላል ጥያቄ ጠየቁ። ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት የሚወልዱት በዘር ከሆነ፣ የዘሩ ምንጭ ከሆነችው ከአፍሪካ በቀጥታ የመጡ እናቶች ልጆች የባሰ ማነስ ይገባቸዋል። የኢሊኖይ ግዛት የልደት መዝገብ የእናትን የትውልድ አገር ስለሚይዝ ከ1980 እስከ 1995 የተወለዱትን አነጻጸሩ። አሜሪካ የተወለዱ ነጭ እናቶች ልጆች አማካይ ክብደት 3,446 ግራም፣ አፍሪካ የተወለዱ እናቶች ልጆች 3,333 ግራም፣ አሜሪካ የተወለዱ ጥቁር እናቶች ልጆች 3,089 ግራም ሆኖ ተገኘ። አፍሪካውያኑ ለነጮቹ ነበር የቀረቡት። በ2002 ኮሊንስና ባልደረቦቹ ተከታዩን ትውልድ ሲያዩ፣ ከአውሮፓ የመጡ እናቶች ሴት ልጆች የወለዷቸው ሕፃናት ክብደታቸው ሲጨምር፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ጥቁር እናቶች ሴት ልጆች የወለዷቸው ግን ቀንሶ አገኙት። አንድ ትውልድ በቃው።

ይህ ግኝት ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች አድገው እናት የሚሆኑበት ዘመን አሁን ነው። እናታቸው ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ይዛ የመጣችው ጤና በዘር የማይወረስ ከሆነ፣ የሚጠብቀው ሰፈሩ፣ ሥራው፣ ሐኪሙ ፊት የሚገጥመው አቀባበል ነው። ማኅበረሰባችን የልጆቹን ጤና ለብቻው አስቆጥሮ ማወቅ ይገባዋል።

የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ለዱቦይስ የክብር ፕሮፌሰርነት ሰጠው። ከሞተ 49 ዓመት ሆኖት ነበር።

ላውንድስስ? ዛሬም ከአላባማ ድሀ አውራጃዎች አንዷ ናት፤ ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። አፈሩ ውሃ የማያሳልፍ ጥቁር ሸክላ ስለሆነ ተራው የሴፕቲክ ጉድጓድ አይሠራም። ብዙ ቤተሰብ የተሻለውን መግዛት ስላልቻለ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሹ በቱቦ ወጥቶ ጓሮ ይፈስሳል፤ ዝናብ ሲጥልም ቤት ድረስ ይመለሳል። በአውራጃዋ ያደጉት ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ ለዓመታት ቤት ለቤት እየዞሩ ይህንን መዝግበዋል። የፌዴራል መንግሥት ምርመራ ከፈተ፤ በግንቦት 2023 የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት ነዋሪዎቹን በፍሳሹ ምክንያት መክሰሱንና መቅጣቱን እንዲያቆም፣ ችግሩንም አጥንቶ ዕቅድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ስምምነት ተፈረመ። በሚያዝያ 2025 የፍትሕ ሚኒስቴር ያንን ስምምነት ሰረዘው።